ግቢው ትርፍ መሬት አይደለም፦ ደሴ ዳገት ላይ ምኩራብ ለምትነድፍ ተማሪ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ኮምቦልቻ የሥነ ሕንፃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ 250 ሰው የሚይዝ ምኩራብ ከነትምህርት ቤቱ፣ ከነእንግዳ ማረፊያው፣ ከነመንጻሪያ ገንዳው (ሚቅዌ) ነው። ሳይቱ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ሲሆን ስፋቱ 6,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ወደ ምሥራቅ 18 በመቶ ያዘቀዝቃል። ከላይ በምዕራብ የመኪና መንገድ፣ ከታች በምሥራቅ ጠባብ የእግር መንገድ አለው። ጸሎት ቤቱን መሐል አስቀምጬ ዙሪያውን ክፍት ተውኩት። አማካሪዬ ‹ይሄ ግቢ ሳይሆን ትርፍ መሬት ነው› አሉኝ። ሰው የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ከየት ጀምሬ፣ በምን መጠን ላስቀምጣቸው?»

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ስህተቱ ግን ከስንፍና ሳይሆን ከዓይን ልማድ የመጣ ነው። እኛ አገር ጸሎት ቤት መሐል ተቀምጦ ዙሪያው ክፍት ሆኖ የምናውቀው ቤተ ክርስቲያንን ነው። እዚያ ያ ክፍት ቀለበት ሥራ አለው፦ ታቦት ይዞርበታል፣ ሕዝብ ይቆምበታል፣ ውጭ ሆኖ የሚያስቀድስም ብዙ ነው። በምኩራብ ዑደቱ ከውስጥ ነው፤ በዳስ በዓል ሰው የሚዞረው አዳራሹ መሐል ያለውን የንባብ መድረክ፣ ቢማውን ነው። ስለዚህ ሕንፃውን መሐል ስታስቀምጪው የቀረው ቀለበት ማንም የማይቆምበት መተላለፊያ ሆኖ ቀረ። አማካሪሽ ያዩት ይህንን ነው።

አንድ ቃል እናጥራ። «ግቢ» ስንል አጥሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ እዚህ የሚያስፈልግሽ ግን በሕንፃ ክንፎች የተከበበ፣ ወለል ያለው፣ ጣሪያ ብቻ የጎደለው ክፍል ነው። እሱን «አደባባይ» እለዋለሁ። ከአደባባዩ ጀምሪ፤ ልክ እንደ አዳራሹ የሰው ቁጥር፣ ስፋት፣ የወለል ከፍታና ስም ስጪው። ሕንፃዎቹን ከዚያ በኋላ በዳር በዳሩ ደርድሪያቸው።

ይህ አዲስ ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ኢየሩሳሌም ውስጥ በቁፋሮ የተገኘ፣ ቴዎዶጦስ የተባለ ሰው በግሪክኛ ያስቀረጸው የአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ምኩራቡን ያሠራሁት ሕግ እንዲነበብበትና ትእዛዝ እንዲጠናበት ነው ይልና ለመንገደኞች የእንግዳ ማረፊያ፣ ክፍሎችና የውኃ ሥራ መጨመሩን ይናገራል። የፕሮጀክትሽ ዝርዝር ከሞላ ጎደል ያው ነው። ሶርያ ውስጥ ባለችው ጥንታዊ ከተማ በዱራ ኤውሮጳስ የተገኘው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረ ምኩራብም የሚገባበት በዓምድ በተከበበ አደባባይ በኩል ነው። በእኛ አገርም ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል፤ «ሰገደ» ከሚለው ነው። የፋሲካ መሥዋዕት ይሠዋ የነበረውም በዚያው ግቢ ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያ አቅጣጫውን እንጨርስ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የአውሮፓ ምኩራብ ፕላን ይገለብጥና የኦሪት ጥቅል የሚቀመጥበትን ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ያደርገዋል። አውሮፓውያን ወደ ምሥራቅ የሚዞሩት ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ስለሆነች ነው። ከደሴ ስትታይ ኢየሩሳሌም ሰሜን ናት፤ በትክክል ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ትላለች። (የደሴ መስጊዶች ቂብላ ደግሞ ከሰሜን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ መካ ከእኛ ጋር አንድ ኬንትሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል።) በእጅ ኮምፓስ ብቻ አትለኪ፤ ማግኔቱ የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን አንድ አይደሉም። ከካርታው መጋጠሚያ አስዪው።

ይህ ለአንቺ ዕድል ነው። ቁልቁለትሽ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር) ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሮጣል። አዳራሹም ርዝመቱ ሰሜን–ደቡብ ሊሆን ነው፤ ስለዚህ ሕንፃው ኮንቱሩን ይዞ ይተኛል እንጂ አይቆርጠውም። 14 በ20 ሜትር የሆነ አዳራሽ 280 ካሬ ሜትር ይሰጥሻል፤ ለአንድ ሰው 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ለ250 መቀመጫ ከነቢማው ይበቃል። ከአደባባዩ በስተሰሜን አስቀምጪው፤ በሩ ወደ ደቡብ፣ ወደ አደባባዩ ይከፈት። የገባ ሰው ፊቱ በቀጥታ ወደ ኦሪቱ ይሆናል።

የቀረችው 10 ዲግሪ ምን ትሁን? ግቢውን በሙሉ አታዙሪ፤ ድጋፍ ግንቦችሽ ከኮንቱሩ ጋር ይጣላሉ። አዳራሹን ብቻ አዙሪው። በ14 ሜትር ስፋት 10 ዲግሪ ሲዞር ከአደባባዩ መስመር ጋር በአንድ ጫፍ 2.5 ሜትር የሚከፈት ሽብልቅ ይፈጠራል። ይህን ሽብልቅ አትደብቂው፣ መግቢያ ክፍል አድርጊው። የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ታልሙድ (በረኾት 8ሀ) ሰው ወደ ምኩራብ ሲገባ «የሁለት በር ያህል» ገባ ይበል ይላል፤ ከመንገድ ተነሥቶ በአንድ እርምጃ ጸሎት ላይ እንዳይወድቅ። ሐሳቡን ከደጀ ሰላም ታውቂዋለሽ። ሽብልቁ ላይ ሁለት ሜትር ጨምረሽ ከ2 እስከ 4.5 ሜትር የሚሰፋ ክፍል ካወጣሽ ሁለቱ በሮች፣ የእጅ መታጠቢያውና የካፖርት መስቀያው ገቡ። ድሬስደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመረቀው ምኩራብ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል፦ የግድግዳውን ድርድር ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያዞረ ወደ ምሥራቅ አድርሶታል፤ በጸሎት ቤቱና በማኅበረሰቡ ቤት መካከልም አደባባይ አለ። ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ርዕደ መሬት ባለበት አገር ቀጥ ብሎ የማይወርድ ግድግዳ አልመክርሽም።

አሁን ዋናው አደባባይ። መጠኑን የሚወስነው ከሰንበት (ቅዳሜ) ጸሎት በኋላ የሚሆነው ነው፦ ሰው ይወጣል፣ ወይን ይባረካል፣ ቆሞ እየበላ ያወራል። ምግብ ይዞ ለሚቆም ሰው 1.2 ካሬ ሜትር ያዢ፤ ለ250 ሰው 300 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 15 በ20 ሜትር። በትልልቆቹ በዓላት ሰው እጥፍ ቢሆን 0.6 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ይጠባል እንጂ አይጨናነቅም። ከዚህ በላይ አታስፊው። 800 ካሬ ሜትር አደባባይ ላይ 60 ሰው ሲቆም የተበተነ ሠርግ ይመስላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ሕጉን አጥብቀው በሚይዙ ማኅበረሰቦች በሰንበት ማይክሮፎን የለም። ሳይጮህ የሚናገር ሰው ድምፅ በክፍት ቦታ ከ15 እስከ 20 ሜትር ድረስ ነው በደንብ የሚሰማው። ርዝመቱን በ20 ያቆምኩት ለዚህ ነው።

ማይክሮፎን ከሌለ ስለ ጣሪያውም አስቢ። ሐምሌ ላይ የደሴ ዶፍ፣ ከዚያም በላይ በረዶ፣ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አንባቢው ከቢማው ሦስተኛው ረድፍ ጋ አይሰማም። ወይ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) አድርጊ፣ ወይ በቆርቆሮው ሥር ክብደት ያለው ኮርኒስ ከነድምፅ መከላከያው አስገቢ። ቀጭን ቺፕውድ ለዚህ አይረባም።

ጸሐይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰው ጠዋት ጸሐይ ይፈልጋል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ በጸሐይ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ (በእጅ ሰዓት 2፡20 ገደማ) ጸሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ በ22 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። የምሥራቁ ክንፍሽ ከአደባባዩ ወለል 5 ሜትር ቢቆም ጥላው 10.7 ሜትር ይገባል፤ ከ15 ሜትሩ ጸሐይ የሚያገኘው 4 ሜትር ብቻ ነው። ክንፉን ወደ 3 ሜትር ብታወርጂው ጥላው 6.4 ሜትር ይሆናል፣ ከግማሽ በላይ ይሞቃል። በዚያው አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲሆን 5 ሜትሩ ሕንፃ እንኳ የሚያጠላው 5.8 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከጸሎት በኋላ ላለው ስብሰባ ችግር የለም። ችግሩ ለማለዳ ተማሪዎችና ለአዛውንቶች ነው። ከሰዓት በኋላ ጸሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ቀድማ ስለምትገባ በማታዋ ብርሃን ላይ አትመኪ። መቀመጫ ግንቡን በምዕራቡ ጠርዝ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጊው፤ የጠዋት ጸሐይ ቀድማ የምታርፈው እዚያ ነው።

ምሥራቁን ዝቅ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ዳገቱ ራሱ ያደርግልሻል። በሴክሽን (ዳገቱንና ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳየው ሥዕል) እንሂድ፤ የላይኛው መንገድ 0.00 ይሁን፣ ሌላው ከፍታ ሁሉ ከእሱ በታች በሜትር ይቆጠር። ከመንገዱ በኋላ 8 ሜትር ስፋት ያለው የመግቢያ አደባባይ፣ ከዚያ 3 ሜትር በረንዳ፣ ከዚያ 15 ሜትር ዋናው አደባባይ፣ ከዚያ 8 ሜትር የምሥራቅ ክንፍ፤ ድምሩ 34 ሜትር። በ18 በመቶ የተፈጥሮው መሬት በዚህ ርቀት 6.1 ሜትር ይወርዳል። የመግቢያው አደባባይ −1.00 ላይ ይሁን። ዋናው አደባባይ ያለበት መሬት ከ−2.0 ወደ −4.7 ስለሚወርድ ወለሉን −3.30 ላይ ብታደርጊው በምዕራብ 1.3 ሜትር ትቆርጫለሽ፣ በምሥራቅ 1.4 ትሞያለሽ፤ የተቆፈረው አፈር ከሞላ ጎደል ይመጣጠናል። የተሞላው በኩል ግን በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ በሁለተኛው ክረምት ኮብልስቶኑ ይሰምጣል። የምሥራቁ ክንፍ ሁለት ፎቅ ይሆናል፦ የላይኛው ከአደባባዩ ጋር እኩል፣ የታችኛው −6.30 ላይ ከታችኛው የእግር መንገድ ጋር እኩል። ከአደባባዩ የምታይው ግን አንድ ፎቅ፣ 3 ሜትር ብቻ ነው።

ከመግቢያው ወደ ዋናው አደባባይ 2.3 ሜትር መውረድ አለ። 15 እርከን በ15.3 ሴንቲ ሜትር። ለጋሪና ለአቅመ ደካማ 1 ለ12 ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ) 27.6 ሜትር ነው፤ በየ9 ሜትሩ የ1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 32 ሜትር ገደማ። በምዕራቡና በደቡቡ በረንዳ ሥር (20 እና 15 ሜትር) ታጥፎ ይገባል። «ሊፍት አደርጋለሁ» እንዳትይ፤ በሰንበት የኤሌክትሪክ ቁልፍ አይጫንም። ራምፑ ጌጥ አይደለም፣ በሳምንቱ ትልቁ ቀን ያለው ብቸኛ መንገድ ነው። ሰው ሲያይ የሚበራ ሴንሰር መብራትና በራሱ የሚከፈት በርም በዚያው ምክንያት ይቅሩ፤ የአደባባዩ መብራት ዓርብ ከመጥለቂያ በፊት የሚሞላ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ይሁን።

በረንዳውን አደራ። ተማሪ ገንዘብ ሲቆጥብ ቀድሞ የሚቆርጠው እሱን ነው፤ እዚህ ግን ሕንፃውን የሚያድነው እሱ ነው። በሰንበት ጃንጥላ አይዘረጋም፤ መዘርጋቱ ድንኳን እንደመትከል ይቆጠራል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከበሩ እስከ አዳራሹ ያልተቋረጠ ጣሪያ ከሌለ ምእመኑ በስብሶ ይገባል ወይም ይቀራል። ጥልቀቱ 2.4 ሜትር ዝቅተኛው ነው፣ 3 ሜትር ጥሩ ነው፤ ከ2 ሜትር በታች ከሆነ ነፋስ የያዘው ዝናብ ግድግዳው ድረስ ይመታል። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሁለት ሜትር ክፍተት ቢቀር ዝናብ ላይ ሰው ሁሉ እዚያች ክፍተት ላይ ይሮጣል፤ የሚንሸራተተውም እዚያ ነው።

ቀጥሎ ዳሱ። ቤተ እስራኤል በዓለ መጸለት ይሉታል። ወሎ ውስጥ ስለ ዳስ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ሠርጉም ሐዘኑም በዳስ ነው። ይህኛው ዳስ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሸራ አይሆንም፤ ሽፋኑ ከምድር በቅሎ የተቆረጠ ተክል መሆን አለበት፣ ጥላው ከብርሃኑ ይብለጥ። ከላዩም ምንም አይኑርበት፦ ዛፍም፣ ሰገነትም፣ የበረንዳ ክዳንም። ስለዚህ ከአደባባዩ መሐል 9 በ15 ሜትር፣ 135 ካሬ ሜትር፣ ሰማይ ብቻ ያለው ቦታ ለይተሽ አሳዪ፤ 120 ሰው በገበታ ይቀመጥበታል። ወለሉ ላይ በየ3 ሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሪ፤ 4 በ6 ስለሚሆን 24 ቱቦ ነው። ቋሚዎቹ በየዓመቱ እዚያ ይሰካሉ፣ ወለሉ አይቆፈርም። ከቱቦው ሥር አንድ ባልዲ ጠጠር ይግባ፣ አለዚያ ክረምቱን ውኃ ይቋጥርና ብረቱ ይበላል። ክዳኑ ከወለሉ እኩል የሆነና በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ የሚነሣ ክዳን በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠፋና ጉድጓዱ የልጆች ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል። በዓሉ ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ስለሚውል አንዳንድ ዓመት የክረምቱ ጅራት ያገኘዋል፤ ገበታውን በፍጥነት ወደ በረንዳው ማሸሽ የሚቻልበት ክፍተት ተዪ። ሽፋኑ ቀርከሃ ወይም ሸንበቆ ቢሆን ይሻላል፤ ቅጠሉ ወጥ ውስጥ የሚረግፍ ተክል አይመረጥም።

ከዳሱ ጋር የሚያያዝ የዛፍ ነገር አለ። «ዐፀድ» ስንል ወይራና ጽድ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚታየን። ዘዳግም 16፥21 ግን በመሠዊያ አጠገብ ዐፀድ እንዳይተከል ይከለክላል፤ ከዚያ ተነሥተው በምኩራብ ግቢ ዛፍ መትከልን የተቃወሙ የአይሁድ ሊቃውንት አሉ፣ የፈቀዱም አሉ። አማካሪ ረቢ የሌለው ፕሮጀክት አስተማማኙን መንገድ ይያዝ፦ ዋናው አደባባይ ከዛፍ ነጻ፣ ጥላና ቅጠል በትምህርት ቤቱና በእንግዳ ማረፊያው አደባባዮች። ባሕር ዛፍ ድጋፍ ግንብ አጠገብ በፍጹም።

ሚቅዌው ፕሮጀክትሽን ከዳገቱ ጋር የሚያስታርቀው ክፍል ነው። ዝቅተኛው መጠን 40 ሰአ (ጥንታዊ የአይሁድ መስፈሪያ) ነው፤ እንደ ሊቃውንቱ አቆጣጠር ከ330 እስከ 575 ሊትር ይደርሳል፣ ንድፍ ላይ ግን የዝናብ ጉድጓዱን 1,000 ሊትር አድርጊው። ውኃው በራሱ ፈስሶ መግባት አለበት። በፓምፕ የተሳበ፣ በዕቃ የተቀዳ አይቆጠርም። የተለመደው ስህተት ከጣሪያው ሥር ሮቶ አስቀምጦ ከሮቶው ወደ ገንዳው ቱቦ መዘርጋት ነው፤ ሮቶው ዕቃ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ውኃው «የተቀዳ» ሆነ፣ ገንዳው በሙሉ ፈረሰ። አሸንዳና መውረጃውም እንደ ዕቃ ውኃ የሚቋጥር ጎድጓዳ እንዳይኖራቸው፤ ብረቱንም በተመለከተ ጥንቃቄ ስላለ መውረጃውን በፕላስቲክ ወይም በኮንክሪት ቦይ አሳዪና «በረቢ ይጸድቃል» የሚል ማስታወሻ ጻፊ። ከምሥራቁ ክንፍ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ብቻ ለይተሽ ብትወስጂ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ይሞላል፤ ይህ ለደሴ ሐምሌ ምንም አይደለም። ጣሪያው ላይ፣ ጉድጓዱ −6.30 ላይ፤ ስበት ሥራውን ይሠራል። ሰው የሚጠልቅበት ገንዳ በአጠገቡ ይሆንና በግድግዳው ቀዳዳ ከዝናቡ ውኃ ጋር ይነካካል፤ እሱን በቧንቧ ውኃ ሞልተሽ ማሞቅና መቀየር ትችያለሽ። የውኃው ጥልቀት 1.2 ሜትር ገደማ፣ ደረጃው 7 ወይም 8 እርከን።

የሚቅዌው በር ወደ ዋናው አደባባይ እንዳይከፈት። ሴቶች የሚመጡት ከመሸ በኋላ ነው፣ መታየትም አይፈልጉም። ከታችኛው የእግር መንገድ የሚገባ 4 በ5 ሜትር የሆነ ትንሽ የተከለለ አደባባይ ስጪያቸው፤ መብራት ያለው፣ ከላይኛው መስኮት የማይታይ። ዳገቱ ሁለት መግቢያ በሁለት ከፍታ ስለሰጠሽ ይህ በነጻ የመጣ ነው።

እርጥበት ግን ይከፈልበታል። የታችኛው ፎቅ ምዕራባዊ ግድግዳ ከአደባባዩ ሙሌት ጋር ተደግፎ ነው የሚቆመው። አደባባዩን ወደ ምሥራቅ 1.5 በመቶ ስታዘቀዝቂው (በ15 ሜትር 22 ሴንቲ ሜትር) ውኃውን ሁሉ ወደዚያ ግድግዳ ትልኪያለሽ። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቀሽ ቦይ አስገቢ፤ በ1 በመቶ ወደ ደቡብ ይሂድ። ግድግዳው ላይ የውኃ መከላከያ ንጣፍ፣ ከኋላው 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ። የቦዩን መጠን በስሌት ብቻ አትወስኚ፦ 300 ካሬ ሜትር አደባባይና 700 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በሴኮንድ 17 ሊትር ነው፤ 30 በ30 የሆነ ቦይ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ነገር ግን ከዚያ ካጠበብሽው አካፋ አይገባም። አካፋ የማይገባበት ቦይ ደግሞ አይጠረግም፤ በረዶና ቅጠል ሲዘጋው አደባባዩ ኩሬ ይሆናል። ከግቢው ሲወጣም በቀጥታ ቁልቁል አትልቀቂው፤ በእርከን እየሰበርሽ አውርጂው። ደሴ ላይ አንድ ያልተገራ ፍሳሽ በጥቂት ክረምት ሸለቆ ይቆፍራል፣ ጎረቤትም ይዞ ይሄዳል።

የምዕራቡ ድጋፍ ግንብ 2.3 ሜትር ነው። በድንጋይ ከሆነ ከሥሩ 1.25 ሜትር ያህል ውፍረት፣ በየ1.5 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የውኃ መተንፈሻ ቱቦ፣ ከጀርባው ጠጠር። ግንብ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በአፈር ብቻ ሳይሆን ከኋላው በታሰረ ውኃ ነው። መጨረሻውን በስትራክቸር መሐንዲስ አስፈትሺው።

ስለ ርዕደ መሬትም እንዲሁ። እኛ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው ርዕደ መሬት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አደባባይን የከበበ ሕንፃ ፕላኑ የ«ሀ» ፊደል ቅርጽ ይይዛል፤ ሲንቀጠቀጥ ክንፎቹ የየራሳቸውን ስለሚወዛወዙ የሚቀደደው ማዕዘኑ ነው። ክንፎቹን ወደ ቀላል አራት ማዕዘን ከፋፍያቸው፣ በመካከል የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍተት አስገቢ፤ ስፋቱን መሐንዲሱ ከሕንፃው ቁመት ያወጣዋል። የበረንዳውን ክዳን በሁለት ሕንፃ ላይ አትሰሪው፣ የራሱ ኮሎን (ምሰሶ) ይኑረው። ዳገት ላይ አንዱ ኮሎን 3 ሜትር፣ አጠገቡ ያለው በግንብ ተይዞ 1 ሜትር ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን የሚሸከመው አጭሩ ነው፣ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው።

አጥሩ። በሰንበት ከግል ቦታ ወደ ሕዝብ መንገድ ዕቃ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ የታጠረ ግቢ ሲሆንና በውስጡ የሚኖሩት ምግብ ሲጋሩ ግን እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል። ስሙም «ኤሩቭ ሐጼሮት»፣ የአደባባዮች ቅልቅል ነው። ለንድፍ የሚያስፈልግሽ ሁለት ቁጥር ነው፦ አጥሩ ከ10 ጋት (ከ80 እስከ 96 ሴንቲ ሜትር) አይነስ፣ አንድ ክፍተት ከ10 ክንድ አይብለጥ። የመኪናውን በር 4 ሜትር ካደረግሽ ከሁሉም አቆጣጠር በታች ነሽ። ድጋፍ ግንብም እንደ አጥር ይቆጠራል። የእንግዳ ማረፊያው በር በዚህ ክልል ውስጥ ይግባ፤ ውጭ ከቀረ እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጸሎት መምጣት አትችልም።

የቀረውን ባጭሩ። የትምህርት ቤቱ አደባባይ ለ60 ልጅ 180 ካሬ ሜትር፣ ከዋናው አደባባይ የሚታይ ግን ከአዳራሹ መስኮት የራቀ፤ በደቡብ በኩል ይመቻል። ማእድ ቤቱ የሥጋና የወተት ዕቃ ስለማይነካካ ሁለት ማጠቢያና ሁለት ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ጭሱና ቆሻሻው ወደ ራሱ የአገልግሎት ግቢ ይውጣ። የመግቢያው አደባባይ ሁለት በር ያለው ይሁን፣ ፍተሻ እዚያ ይደረጋል። የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል (የማስተስረያ ቀን ከሆነው ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ) የሚከበር ከሆነ ደግሞ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ጥላ ተዘርግቶላቸው ይወርዳሉ፤ ከመግቢያው የሚወርደውን ደረጃ 1.5 ሜትር ሳይሆን 3 ሜትር አድርጊው።

ሳይቱ ኮምቦልቻ ቢሆን ብዙው ይገለበጥ ነበር። ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ አራት ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። እዚያ የአደባባዩን ስፋት ወደ 10 ሜትር አጥብቤ ጥላ እፈልግ ነበር፤ በሰኔ የቀትር ጸሐይ ከራስ በላይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል በሰሜን በኩልም መከለያ እጨምር ነበር። ሜዳው ላይ ኮትቻ አፈር ከወጣ ደግሞ ችግሩ ግንብ ሳይሆን ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጠቅ ወለል ነው፤ ነቅሎ በተመረጠ አፈር መተካት ይገባል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ፕላን ይዘሽ አትሂጂ። ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው የሚሄድ አንድ ሴክሽን በ1 ለ200 ሥሪ፤ አራቱን ከፍታዎች፣ የታኅሣሥን የ2 ሰዓት ጸሐይ መስመርና ዝናቡ ከጣሪያ እስከ ሚቅዌ የሚወርድበትን ቱቦ በቀለም ለይተሽ። ከዚያ በፊት ግን ወርደሽ የታችኛውን መንገድ ዲች (የውኃ መውረጃ ቦይ) በሜትር ለኪው፤ ውኃሽን ሁሉ የምትልኪው እሱ ውስጥ ነው።